ዋሶቼ

እኔ በወጣሁ ጊዜ ከአገር በሕጋዊ መንገድ ለመውጣት ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ ትኬትና ዋስ። ትኬቱን አሜሪካኖቹ ላኩልኝ። ዋሱን ግን የሚልክልህ የለም፤ ራስህ ደጅ ጠንተህ ነው የምታገኘው።

ሙነወር እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጂኦሎጂ ሦስተኛ ዓመት ስጨርስ፣ በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ዓመት ሎስ አንጀለስ ሄጄ የከርሰ ምድር ውሃ ፍለጋ እንድማር ተመረጥኩ። ድርቁ ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም፤ ውሃ የሚፈልግ ባለሙያ ያስፈልጋል ተባለ። መንግሥት ደግሞ «ባለሙያው በዚያው ቢቀርስ?» ብሎ ሰጋ። አልተሳሳተም፤ የሄደ ሁሉ ይቀር ነበር። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ይህ ተማሪ በተባለው ጊዜ ባይመለስ፣ ወይም በውጭ አገር ሳለ መንግሥትን የሚቃወም ሥራ ቢሠራ፣ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ መፈረም ነበረበት። እንዴት እንደሚጠየቅ ወረቀቱ አይናገርም። መናገርም አያስፈልገውም፤ ሁላችንም እናውቃለን።

መጀመሪያ የሄድኩት አጎቴ ፈረጅ ዘንድ ነው። ሻይ አስቀርቦ በትዕግሥት ሰማኝና «ልጄ፣ ሌላ ነገር እዘዘኝ» አለኝ። ሌላ የማዘው ነገር አልነበረኝም። ሁለተኛው ዘመዴ ወገቡን ታመመ። ሦስተኛው ቤቱ ተቀምጦ «የለም በሉት» ሲል ድምፁን በመስኮት ሰማሁት። አልፈርድባቸውም ብል ደስ ባለኝ፤ ፈርጄባቸዋለሁ። ዛሬ እንኳ፣ ከሁሉም የባስኩ እኔ ሆኜ ተገኝቼ፣ አጎቴ ፈረጅ ትዝ ሲለኝ ያንገሸግሸኛል።

የፈረሙልኝ ጋሼ አድማሱ ናቸው። በሥጋ አንዛመድም፣ በሃይማኖትም አንገናኝም። ደሴ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ኋላ ሥራቸው ወደ አዲስ አበባ አዛወራቸው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ኃላፊ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ክረምቱን የማሳልፈው ኮልፌ እሳቸው ቤት ነበር። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ ለእኔ የተለየ ድስት ገዝተው፣ ሥጋ ከእስላም ሥጋ ቤት ለብቻ እያስመጡ ይሠሩልኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ «ዋስ ሁኑኝ» ለማለት አፈርኩ። ወሬውን ከእትዬ ሸዋረጋ ሰምተው አንድ ማለዳ «የት ነው የሚፈረመው?» ብለው ቀሰቀሱኝ። ጸሐፊው ግዴታውን ሊያነብላቸው ሲጀምር «ተወው፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል» አሉና ፈረሙ። ስንወጣ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ ቤታቸው ጣሪያ ማፍሰስ ይመስለኛል።

ሎስ አንጀለስ የገባሁት በመስከረም ነው። ዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ሰጠኝ፤ ክፍሉን የሚጋራኝ ልጅ ደግ ነበር፣ ግን ከ«ሃይ» ሌላ የምንባባለው አልነበረንም። ትምህርቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ጠዋት ያለው ጊዜ ነው። ሕንፃው በሙሉ ወጥቶ ይሄዳል፤ እኔ ምድር ቤት ወርጄ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲዞር እያየሁ እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት አለ ሲሉኝ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ሄድኩ።

ገና በሩን ስከፍት የአማርኛው ሁካታ ደረቴን ሞላው። ሰላምታዬን ተቀበሉኝ፤ ወንበር ሳቡልኝ። ከጠረጴዛው ራስ የተቀመጠ ተስፋሁን የሚባል ቀጭን ሰው፣ አዲስ መጤ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀውን ጠየቀኝ።

«በየት በኩል ወጣህ?»

«በቦሌ» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች በቦሌ የወጣ አንድም አልነበረም። በመተማ ሱዳን የገባ ነበር፤ በሞያሌ ኬንያ የገባ ነበር፤ በጅቡቲ በረሃ ጓደኛውን ቀብሮ ያለፈ ነበር። ተስፋሁን ራሱ አሥራ አንድ ሌሊት በእግሩ ሄዶ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነው የመጣው። እኔ ብቻ ከረባት አስሬ፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ፓስፖርት ይዤ፣ በአውሮፕላን።

«በቦሌ!» አለ ተስፋሁን። «ማን ፈቅዶልህ?»

«ዩኒቨርሲቲው።»

«ለዩኒቨርሲቲውስ ማን ፈቀደለት?»

እሱ መልሴን ሳይጠብቅ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ብላ እንጂ፣ ጓድ» አለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጓድ ሙነወር ሆነ። የፖለቲካው ወሬ ተቋርጦ ስለ መኪና ጎማ ተወራ። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ከዚያም በኋላ፣ እኔ በገባሁ ቁጥር ሁሉም ሰው ድንገት የመኪና ጎማ ያሳስበዋል።

ያዘነልኝ ኡስማን ብቻ ነበር። እሱም የደሴ ልጅ ነው፤ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቅዳሜ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲያደርሰኝ መከረኝ።

«አትቀየማቸው፣ ሙኔ። ከዚህ በፊት ኢንፎርመር፣ ጆሮ ጠቢ፣ መሃላቸው ገብቶ፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰባቸውን አስለቅሟል። ሶ፣ በቦሌ የመጣ ሁሉ ለእነሱ አንድ ነው። ትንሽ ፔሸንት ሁን፣ ቻለው። ዋስ አስፈርመሃል አይደል?»

የጋሼ አድማሱን ነገር ነገርኩት።

«እንግዲያው ሰልፍ ምናምን የሚባል ነገር ውስጥ እንዳትገባ። ትምህርትህን ፊኒሽ አድርግ፣ ተመለስ፤ ኦኬ? የሰው ሰው ይዘሃል።»

«አልገባም» አልኩት። ስናገር ከልቤ ነበር።

ለፈረንጆቹ ገና ማደሪያው ሲዘጋ ኡስማን ቤቱ ወሰደኝ፤ ከፌርፋክስ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ያለ አፓርታማ ነው። ትምህርት ሲከፈትም እዚያው ሶፋ ላይ ቀረሁ፤ ሰው የሚያስነጥስበት ቤት ይሻላል ብዬ። ችግሩ ኡስማን ቤቱን የሚጋራው ከተስፋሁን ጋር መሆኑ ነው። ተስፋሁን እኔ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ደብዳቤዎቹን ይሰበስባል። ስልክ ሲደወልለት ስልኩን እስከ ረጅም ገመዱ ጎትቶ መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ይዘጋል። ገመዱ በበሩ ሥር ሲንቀሳቀስ እያየሁ እንጀራዬን እበላለሁ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ስተኛ፣ ውሃ አስቀመጠልኝ፤ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አኑሮ ሄደ።

ሰው ብቸኝነት ያሳዝናል ይላል፤ እኔን ያዋረደኝ እንጂ ያሳዘነኝ አይደለም። በቀልዳቸው ሳልጠየቅ የምስቅ ሆንኩ። ሳህን አጥባለሁ፤ መኪናቸውን እጠርጋለሁ። ጓድ ሲሉኝ አቤት እላለሁ።

በየካቲት መጨረሻ፣ ዊልሻየር መንገድ ላይ ካለው የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ፊት ለፊት የአገራችንን መንግሥት የሚቃወም ሰልፍ ሊደረግ ነው ተባለ። ኡስማን በጠዋቱ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ዳር ቆሜ ማየት ብቻ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ከመኪናው ውስጥ ዓይን የተበሳበት የወረቀት ከረጢት አውጥቶ ሰጠኝ፤ የሱፐርማርኬት የዕቃ መያዣ ነው። አገር ቤት ወላጅ ያላቸው ሁሉ ያን አጥልቀው ነበር የሚሰለፉት።

ስድሳ የምንሆን ነበርን። ግማሹ ፊቱን ገልጧል፤ ግማሹ ከረጢት አጥልቋል። ከረጢቱ ውስጥ ስትጮህ የራስህ ትንፋሽ ይመለስብሃል። ዳር መቆሙ ቀርቶ መሃል ገብቻለሁ፤ እጮሃለሁም። ሳልዋሽ ለመናገር፣ መጮሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ተስፋሁን በድምፅ ማጉያው እንዲህ አለ።

«ወላጅ ያለው ይሸፈን፤ አንከለክልም። ግን በከረጢት ውስጥ ማን እንዳለ ማን ያውቃል? እኔ ሰላይ ብሆን መጀመሪያ የምለብሰው ከረጢት ነው!»

ሳቁ። የሚስቁት ወደ እኔ እየዞሩ ነው፤ በጫማዬ አውቀውኛል።

አወለቅኩት።

ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። አገሬን ስለወደድኩም አይደለም። ሰው እንዲያናግረኝ ብዬ ነው። ጋሼ አድማሱ ትዝ አሉህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ትዝ አሉኝ። ከረጢቱን በሁለት እጄ ስይዘው ትዝ አሉኝ፤ ሳወልቀውም ትዝ አሉኝ። ሳላውቅ ነው እንዳልል ይኼ ይከለክለኛል።

ጭብጨባው ይገርማል። ተስፋሁን ማጉያውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መጣና አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። «ሙንዬ! ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ!» እያለ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ቆሞ ነበር። መልኩ የእኛ ነው፤ ማንም ግን አላወቀውም። ፎቶ ሲያነሳ አየሁት፤ ፊቴንም አላዞርኩም።

በዚያ ቀን ጾም ስለነበር ሽሮ ነው የበላነው፤ ተስፋሁን ከሁሉ አስቀድሞ አጎረሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ከኖርኩት ሁሉ ደስ የሚለው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ተስፋሁን ዌስትቼስተር ሠፈር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል መኪና የማቆም ሥራ አስገባኝ። ስልክ ሲያወራ ሶፋዬ ላይ ተቀምጦ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በእሱ መኪና ተለማምጄ ነው። ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ስገባ «ሙንዬ መጣ!» ይባላል። ሎስ አንጀለስን ለመድኩ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የጅቡቲ ቴምብር ያለበት ደብዳቤ መጣ። ድሬዳዋ ያለ ነጋዴ ተሻግሮ እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባው ነው። የእትዬ ሸዋረጋ ጽሕፈት ነው፤ በመሠረተ ትምህርት የተማሩት፣ እያንዳንዷ ፊደል ለብቻዋ የቆመች።

«ለውድ ልጃችን ለሙነወር። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጋሼህን መጋቢት 9 ቀን ከሥራ ወሰዱት። ያንተን ፎቶግራፍ አሳይተው ይህን ታውቀዋለህ ወይ ቢሉት ልጄ ነው አለ። አሁን ሦስተኛ ጣቢያ ነው። ስንቅ አደርሳለሁ። መርማሪው ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ በሰኔ ከተመለሰና ቀርቦ ከተናገረ ሽማግሌውን እንለቃለን ብሎኛል። እኔም ይመለሳል፣ የሰው ክፉ የለበትም ብያቸዋለሁ። ፈተናህን ሳትጨርስ እንዳትነሳ ብሏል ጋሼህ።»

ይህን ያነበብኩት ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ወረቀቱን ለኡስማን አቀበልኩት። ኡስማን አንብቦ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጠፈውና «ኢናሊላሂ» አለ፣ ሰው እንደሞተ። ተስፋሁን ግን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ ፊቱ እየበራ መጣ።

«ሙንዬ፣ ይኼ እኮ ኬዝ ነው።»

«ምን?»

«አሳይለም አፕላይ ታደርጋለህ፤ ጥገኝነት ትጠይቃለህ! ሰው ፕሩፍ አጥቶ፣ ማስረጃ የለህም እየተባለ ስንት ዓመት ይንገላታል፤ ላንተ በፖስታ መጣልህ። ብትመለስ አንተንም ይበሉሃል፣ እሳቸውንም አይለቁም። እነዚህን ሰዎች አላውቃቸውም እንዴ?»

«ባይመለስ ግን በእርግጥ አይለቋቸውም» አለ ኡስማን። ድምፁን ሳያነሳ ነው የተናገረው። «ሙኔ፣ እኔ ሂድም ቅርም አልልህም። የፈረሙት ላንተ ነው።»

ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ተስፋሁን ያለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብመለስ ሁለታችንንም ያስቀሩን ይሆናል። ይለቋቸውም ይሆናል። እኔ ማወቅ አልፈለግኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። በስምንተኛው ቀን ፒኮ ሮበርትሰን ሠፈር፣ ሣራ የምትባል ጠበቃ ቢሮ ተቀምጬ ነበር።

ሣራ ጥሩ ሴት ነች። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ሳነብላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀጥላ ግን ሥራዋን ሠራች፤ ግለሰብ የጻፈው ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው አለች። ማኅተም ያለበት የመንግሥት ወረቀት ያስፈልጋል። ሰውየው መታሰራቸውን፣ የታሰሩትም በእኔ ምክንያት መሆኑን የሚል። «ልታገኝ ትችላለህ?»

«እሞክራለሁ» አልኩ።

ያን የጻፍኩትን ደብዳቤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ክብርት እናቴ እትዬ ሸዋረጋ፦ የጋሼን ነገር ሰምቼ አንጀቴ አረረ። ቶሎ መምጣት እፈልጋለሁ። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ያለ በቂ ምክንያት አይለቀኝም። ስለዚህ ጋሼ በእኔ ምክንያት መታሰራቸውን የሚገልጽ፣ የቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀት አስጽፈው ቢልኩልኝ፣ እሱን አሳይቼ ወዲያው እመጣለሁ።» ዩኒቨርሲቲው የማንንም ወረቀት አይፈልግም። በማንኛውም ቀን ሻንጣዬን ይዤ ብወጣ ዘወር ብሎ የሚያየኝ የለም። ደብዳቤውን ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ ተስፋሁን እንኳ ምን ብዬ እንደጻፍኩ አላወቀም።

በሰኔ ማለቂያ የጣልያን ቴምብር ያለበት ወፍራም ፖስታ መጣ፤ ለሕክምና ሮም የሄደ ሰው ነው የላከው። ከውስጡ የቀበሌው ወረቀት ወጣ። ራስጌው ላይ መፈክር፣ ግርጌው ላይ ወይን ጠጅ ማኅተም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። «አቶ አድማሱ ዋስ የሆኑለት ተማሪ ሙነወር በውጭ አገር በጸረ አብዮት ሰልፍ በመገኘቱ ምክንያት በቁጥጥር ሥር የሚገኙ መሆናቸውን እናረጋግጣለን።»

ደስ አለኝ። ልክ እንደዚህ ነው የሆነው፤ ልለውጠው አልችልም። እጄን በአየር ላይ ሰንዝሬ «እሰይ!» አልኩ። የጋሼ አድማሱን መታሰር የሚያረጋግጥ ወረቀት ይዤ፣ ሳሎን መሃል ቆሜ፣ እሰይ አልኩ።

ከወረቀቱ ሥር የእትዬ ሸዋረጋ ደብዳቤ ነበር። ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ወረቀቱን እንኳን አገኘሁልህ። ሊቀ መንበሩ ዘጠኝ ቀን አመላለሰኝ። በመጨረሻ በስብሰባ ላይ ቆመሽ ልጁ እንደሚመለስ ዋስ ሁኚ አለኝ። የቀበሌው ሰው ሁሉ ባለበት ቆሜ ይመለሳል ብዬ ፈረምኩ። አሁን እኔም ዋስህ ነኝ ማለት ነው። ጋሼህ ቢሰማ ሳቀ፤ አሁን የቀረው ድመታችን ነች አለ። እግሩ ትንሽ አብጧል እንጂ ደህና ነው።»

ያን ጊዜ መመለስ ይቻል ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ መጣል ይቻል ነበር። ወረቀቱን በጠራ እንግሊዝኛ ተረጎምኩና፣ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በመሐላ ፈርሜ ለሣራ ሰጠኋት። የእትዬ ሸዋረጋን ደብዳቤ አልተረጎምኩም።

የጥገኝነቱ ቃለ መጠይቅ በነሐሴ ነበር። የጠየቀኝ የኢሚግሬሽን መኮንን ሸምገል ያለ፣ እርሳስ የሚያኝክ ሰው ነው። ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አየው።

«ይህ ሰው አባትህ ነው?»

«አይደለም።»

«አጎትህ?»

«አይደለም። ጎረቤታችን ነው።»

«ይህን ግዴታ ሲፈርምልህ ምን ከፈልከው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ፈረመ?»

ዝም አልኩ። መኮንኑ ጠበቀኝ፤ ሣራም ዞር ብላ አየችኝ። እንግሊዝኛው ጠፍቶኝ አይመስላችሁ፤ በአማርኛም ቢጠይቀኝ መልሱ የለኝም። መኮንኑ «አያስፈልግም» ብሎ የሆነ ነገር ጻፈ። ስንወጣ ሣራ «ዝምታህ ብዙ ተናግሯል» አለችኝ፤ ለጉዳዩ ጠቃሚ ነው ማለቷ ነው።

ጥገኝነቱ መፈቀዱን የሚገልጸው ደብዳቤ በመስከረም አጋማሽ መጣ። ተስፋሁን ምግብ ቤቱን በሙሉ ጋበዘ። «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉኝ «አብሮ ደስ ይበለን» እያልኩ ሃምሳ ሰው ሳምኩ። ኡስማን አልመጣም፤ ታክሲ ላይ ነኝ አለ። የዚያኑ ሳምንት ሌላ አፓርታማ ፈልጎ ወጣ። ሲሰናበተኝ እጄን ጨበጠኝ፤ ክፉ ቃል አልተናገረኝም።

ከሦስት ቀን በኋላ ከእትዬ ሸዋረጋ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይህኛው በሰው እጅ ሳይሆን በቀጥታ በፖስታ ቤት ነው የመጣው፤ ተከፍቶ እንደገና ታሽጓል። የሚደበቅ ነገር የለም ብለው ነው።

«ወረቀቱ እንደጠቀመህ ተስፋ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ስንጠብቅህ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ገና እያንገላታህ ይሆናል። መርማሪውን በየሳምንቱ እየሄድኩ እለምነዋለሁ። አሁን ልጁ የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ካሳወቀ በዚያው ቀን እንለቀዋለን አለኝ። ይህን ለጋሼህ ብነግረው ሱፌን አምጪልኝ አለኝ። እቤት ሳልገባ ከዚሁ በቀጥታ ቦሌ ሄጄ ነው የምቀበለው አለ። ሱፉን ተኩሼ ወስጄለታለሁ፤ ራስጌው ሰቅሎታል። ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።»

ሁለት ቀን ደብዳቤውን በኪሴ ይዤ ስዞር ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀት አወጣሁ። እውነቱን ልጻፍ ብዬ «ክብርት እናቴ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣልኝም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ እኔ ግን ነቅቼ ነው የጻፍኩት። ደብዳቤዬን እሳቸው ከማንበባቸው በፊት የሚያነቡት እነዚያ መርማሪዎች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ቀኑን ቢያዩት ምናልባት ጠዋት ይለቋቸዋል። አውሮፕላኑ የሚደርሰው ማታ ነው፤ በመሃል ስንት ሰዓት አለ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ካገኘ የሚደበቅበት ቦታ አያጣም አልኩ። ጋሼ አድማሱ የሚደበቁ ሰው እንዳልሆኑ እያወቅኩ እንዲህ አልኩ።

«ጥቅምት 18 ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ከሮም በሚመጣው አውሮፕላን እደርሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ስሜን ከነአባቴ፣ ጎላ አድርጌ።

በዚያ ዓርብ ዌስትቼስተር ሥራ ላይ ነበርኩ። አለቃዬ እረፍት ውጣ ሲለኝ አልወጣም አልኩ። መኪና ከመኪና፣ ቁልፍ ከቁልፍ እየተቀበልኩ ቀኑን ጨረስኩት። ሰዓቱን ላለማስላት ብሞክርም አሰላሁት፤ እዚህ ረፋድ ላይ እዚያ አውሮፕላኑ አርፏል፤ መንገደኛው ሻንጣውን ይዞ እየወጣ ነው። እትዬ ሸዋረጋ አጥሩን ተደግፈው ፊት ፊት እያዩ ነው። ጋሼ አድማሱ ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ በግራና በቀኛቸው ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የመጨረሻው መንገደኛ ሲወጣ ወደ እትዬ ሸዋረጋ መጀመሪያ የዞሩት ጋሼ አድማሱ ይሆኑ፣ ወይስ ሁለተኛዋን ዋስ የፈለጉት ሁለቱ ሰዎች?

ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሆን ነው። ከእትዬ ሸዋረጋ ደብዳቤ መጥቶልኝ አያውቅም። እኔም አልጻፍኩም።